የጋሽ ተክለብርሃን ጥቁር ዱቄት

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ሃረጎት፣
አዲግራት።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? በዚህ በኅዳር ብርድ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መሳሙን እንደማይተዉ አውቃለሁና አይሂዱ አልልዎትም፤ ብቻ ጋቢውን ደርበው፣ ካልሲውንም አድርገው ይውጡ። ሐኪሙ የሰጠዎትን የጆሮ ማዳመጫ "ይጮህብኛል" ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል አሉ። ይሁን፤ ጆሮዎ ባይሰማኝም ዓይንዎ ያነበኛል። እኛ፣ ስሙ ይክበርና፣ ሁላችንም ደህና ነን። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም።

የስልኩ ነገር እንዳይከፋዎት። ያን እሁድ እርስዎ "አቤት? ማን ልበል?" ሲሉ፣ እኔ "ማዕዛ ነኝ! ልጅዎ ማዕዛ!" ብዬ ስጮህ፣ የፎቁ ሰው ሁሉ በር ከፍቶ ወጣ እንጂ እርስዎ አልሰሙኝም። ባለቤቴ ዓባይነህ ሲስቅ ቆይቶ "ምን ያስጮህሻል? ጻፊላቸው እንጂ። የመዝገብ ቤት ሰው ከድምፅ ይልቅ ወረቀት ያምናል" አለኝ። እውነቱን ነው። የአጎቴ ልጅ አድያምም ለሥልጠና መጥታ እኛ ዘንድ ሰንብታ ነገ ልትመለስ ስለሆነ በእጇ ላክሁልዎት። ደግሞ የምነግርዎት ነገር በስልክ የሚባል አይደለም፤ የወዳጅዎ የጋሽ ተክለብርሃን ነገር ነው። ሲያዩት አይደንግጡ፤ ክፉ ወሬ አይደለም።

አስቀድሜ ግን ስለ ሰፈራችን ላውራዎት፤ ያለዚያ ልቤ አይረጋም። ከመስኮታችን ወደ ታች እያየሁ የድሮው ግቢያችን የት ጋ እንደነበረ ለልጄ ለሶሲ ላሳያት እሞክራለሁ። እሷ የምታየው የቆሙ መኪናዎችንና ልብስ የተሰጣበትን ሽቦ ነው። "እዚህ ጋ የኮክ ዛፍ ነበረ" ስላት "ፍሬው ይጣፍጥ ነበር?" ትለኛለች። አንድም ቀን በስሎ አያውቅም፤ እኛ ልጆቹ መቼ ፋታ ሰጠነው? ቤተ ክርስቲያኗ ባትኖር እኔም አቅጣጫው ይጠፋኝ ነበር። የቅዳሴው ድምፅ ሲመጣ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ግቢውን እንደ ቀድሞው አቆመዋለሁ፤ የእኛ ቤት በዚህ፣ የጋሽ ተክለብርሃን ቤት በዚያ፣ መሃል ላይ ደግሞ የቆርቆሮው አጥር፣ አጥሩ ላይ ሁለታችሁ በመጋዝ ቆርጣችሁ ያበጃችኋት ትንሽ በር።

መብራት በሄደ ቁጥር ያቺ በር ትንኳኳ ነበር። ጋሽ ተክለብርሃን የዳማውን ሰሌዳ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ቆርኪዎቹን በኪሳቸው እያንሿሹ ይመጣሉ። "ሃረጎት፣ መንግሥት ፈቃድ ሰጥቶናል፤ ና እንጫወት" ይላሉ። እኔ ኩራዙን እይዝላችኋለሁ፤ ሁለታችሁም ስታጭበረብሩ የማያችሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከጓዳ ሆና "አንድ ዶክተርና አንድ የፍርድ ቤት ሰው በቆርኪ ሲካሰሱ!" ትላችሁ ነበር። እሳቸው ተራቸውን ሲጠብቁ ወደ እኔ ዞር ይሉና ስለ ኩራዙ እሳት ያወሩኛል። "ማዕዛ፣ እሳት ችኩል ነው። ከነዳጁ ጉልበት ጥቂቱን ብቻ ወስዶ የቀረውን ጥሎት ይሄዳል። ሳናቃጥለው ጉልበቱን ብንወስድስ?" ይሉኝ ነበር። ያኔ ኬሚስትሪ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አላውቅም። ይኸው ዛሬ ፀጉሬ ሲሸብት በዚያ ጥያቄ እንጀራ እበላለሁ።

በአንድ ወቅት ከጋሽ ተክለብርሃን ጋር በላቦራቶሪው የምንሠራውን ስነግርዎት "አረቄ ከሰው አልፎ ለማሽን?" ብለው የሳቁትን አልረሳሁም። ነገሩ ግን ያው ነው፤ ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣውን አልኮል ሳያቃጥሉ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ። መሣሪያው ከመዳፍ አይበልጥም። እንደ ጄኔሬተር አይጮህም፣ ጭስም አይተፋም። ነገር ግን አልኮሉን አባብሎ ጉልበቱን የሚያስለቅቀው ዱቄት ያስፈልጋል፤ በጥቁር ከሰል ዱቄት ላይ የተበተኑ፣ በዓይን የማይታዩ የፓላዲየምና የመዳብ ቅንጣቶች ማለት ነው። መዳብን ያውቁታል፤ ፓላዲየም እንደ ወርቅ የሚወደድ ብረት ነው። ሁለቱ እንዲሁ ሲደባለቁ አተሞቻቸው እንደ ገበያ ሰው ይጋፋሉ፤ ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ አይለይም። ጋሽ ተክለብርሃን የፈለጉት ግን ለማኅሌት ግራና ቀኝ እንደሚቆሙ ካህናት በወግ የተሰለፈውን ነበር፤ የፓላዲየሙ ጎረቤት ሁሉ መዳብ፣ የመዳቡም ጎረቤት ሁሉ ፓላዲየም። እንዲያ ሲሆን ዱቄቱ ይበረታል፣ ቶሎም አይደክምም። ለመሰለፍ ሙቀት ይሻሉ፤ ሙቀቱ ሲበዛባቸው ደግሞ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይገዝፋሉ፤ ያን ጊዜ አይረቡም። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ነበር፤ የማሞቂያው ሰዓት ሲሞላ ምድጃውን ከፍቶ፣ ዱቄቱ ያለበትን ቱቦ አውጥቶ ቶሎ ማቀዝቀዝ።

እርስዎ ወደ አዲግራት በሄዱበት ዓመት ከሠራናቸው ዱቄቶች አንዱ ተአምር ሆነ። ስንለካው በኮምፒውተሩ ላይ የኤሌክትሪኩን መጠን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ወጣ፤ በኤክስሬይ ሲታይም አተሞቹ ተሰልፈዋል። ጋሽ ተክለብርሃን ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው እንደ ሕፃን ዞሩ። በዚያው ክረምት በትልቅ ጉባኤ ላይ አቀረቡት፣ ሰው ቆሞ አጨበጨበላቸው። እስከዚህ ድረስ ያውቃሉ፤ ፎቶውን ልኬልዎት ነበር። የማያውቁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። "ለሃረጎት እንዳትነግሪ፤ እሱ የራሱ ሐዘን አለው" ስላሉኝ ዋጥኩት። አሁን ራሳቸው "ንገሪው" ብለውኛል።

ዱቄቱ ሁለተኛ አልተሠራም አባባ። በዚያው መጠን፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ሰዓት ብንሠራው፣ ብንሠራው የሚወጣው የገበያ ግፊያ ብቻ ሆነ። ኮሪያ ያሉ ተመራማሪዎችም የእኛን አሠራር ተከትለው ሞክረው "አልሆነልንም፤ የቀረ ነገር አለ ወይ?" ብለው በትሕትና ጻፉ። የቀረ ነገር እንዳለ እኛም አናውቅም። ከዚያ ሹክሹክታው መጣ። አንድ ቀን በኮሪደር ሳልፍ በሱፍቃድ የሚባል ባልደረባችን ለሌላው "ሽማግሌው ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ተአምር አማራቸው" ሲለው ሰማሁ። እኔ ብቻ የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጋሽ ተክለብርሃን ከኋላዬ ነበሩ። በሳምንቱ ለኅትመት የተላከውን ጽሑፍ ራሳቸው መልሰው ወሰዱ። "መድገም ያልቻልኩትን ነገር የእኔ ነው ብዬ አልፈርምም" አሉኝ። ጡረታቸውን ወጡ፣ ስልክ ማንሳት ተዉ፣ ሰንጋ ተራ ካለው ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም። በዓመቱ ያ የሚያውቁት ሕመም ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው። ከእጃቸው ጋር አንደበታቸውም ታሰረ። ሐኪሙ ከደም ግፊት ነው አለ። እትዬ ወለተሰንበት ግን "ባሌን ያሳመመው ሐሜት ነው" ብላ እስከ ዛሬ ከዚያ ቃል ወይ ፍንክች።

ባለፈው የግንቦት ልደታ ለታ ነው ነገሩ የተገለጠው። ከቅዳሴ በኋላ ሶሲን ይዤ ልጠይቃቸው ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ጋሽ ተክለብርሃን መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። የሚናገሩት አንድ አንድ ቃል ነው፤ እሱም ሲመጣላቸው። እትዬ ወለተሰንበት እንደ ወትሮዋ የድሮ ጨዋታ ታነሳለች፤ ሐኪሙ "ያጫውቷቸው፣ የድሮውን ያስታውሷቸው" ብሏታል። እርስዎን ስታነሳ ፊታቸው በራ። ድንገት መሳቅ ጀመሩ። በግራ እጃቸው አገጫቸውን እየዳሰሱ "ጢም... ጢም..." ይላሉ። ሶሲ ደነገጠች። እትዬ ወለተሰንበት ግን ገብቷታል፣ እሷም በሳቅ ፈረሰች። "ሃረጎት የተሸኘ ለታ! ዳማው ላይ ሲያጎነብስ ጢሙን ሻማ የለበለበው!" አለች።

ያን ማታ ያስታውሱታል አይደል? በጦርነቱ ስልክ ተዘግቶ ሁለት ዓመት ያህል የአጎቴን የአምሃን ድምፅ ሳይሰሙ ከርመው፣ መንገዱ ሲከፈት "የልደታን ታቦት አስገብቼ እሄዳለሁ" ብለው የጥምቀትን ማለፍ ጠበቁ። ጥር አሥራ ሁለት እኛ ቤት ተሰበሰብን። እኔና ጋሽ ተክለብርሃን ምድጃውን በሥራ ላይ ትተን ነው የመጣነው። "ምድጃ እግር የለው፣ አይሸሽም፤ ሃረጎት ግን ነገ ይሄዳል" ብለው እኔን ያስነሱኝ እሳቸው ናቸው። የላቦራቶሪው ቴክኒሻን አብዱልመናን ሰዓቱ ሲሞላ ቱቦውን ሊያወጣ ቀረ። እኛ ቤት ገና እንደተቀመጥን ከተማው ሁሉ ጨለመ። ዳማውም በሻማ ሆነ፣ ጢምዎም ተለበለበ፣ እርስዎም "ይህም የአዲስ አበባ ስንብት ነው" ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ እንባ ተለወጠ።

እኔ አባባ፣ ያ ዱቄት የተሠራበትን ቀን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጥር አሥራ ሁለት ነው። እርስዎን የሸኘንበትንም ቀን አውቀዋለሁ። ቀኑን አውቀው ነበር፣ ጨለማውን ግን ረስቼው ነበር። እትዬ ወለተሰንበት ሻማ ስትል ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ምድጃው መሃል ላይ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው! አብዱልመናን ጋር ደወልኩ። "አዎ፣ ያን ቀን መብራት ሄዶብኝ ምድጃውን እንደተዘጋ ትቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ቱቦውን ያወጣሁት በማግስቱ ነው። ነግሬያችሁም ነበር" አለኝ። ነግሮን ነበር። ግን በእኛ አገር መብራት ሄደ ማለት ዜና ሆኖ ማን ልብ ይለዋል? አየር እንዳይገባበት የምናሳልፈው ጋዝ ከሲሊንደሩ እየፈሰሰ፣ ምድጃው እንደተዘጋ፣ ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ወርዷል። አተሞቹ ቦታ ቦታቸውን ለመያዝ የሚፈልጉት ያንን ጊዜ ነበር። እኛ ግን ሁልጊዜ እየቸኮልን፣ ሰልፉ ሊጀመር ሲል በሩን እንከፍትባቸዋለን።

ስልኩን ዘግቼ ስዞር ጋሽ ተክለብርሃን አትኩረው ያዩኛል። የሰሙትን ሁሉ ተረድተውታል። ከንፈራቸው ብዙ ታገለ። ከዚያም "ቀስ... ብሎ" አሉ። "ቀስ ብሎ ቀዘቀዘ ማለትዎ ነው?" አልኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እንባቸውም ወረደ። ሶሲ ምንም ሳይገባት ሄዳ እጃቸውን ያዘች።

ደስታው ግን ቶሎ ፍሬ አላፈራም። የቀረን የፓላዲየም ጨው፣ ማለት ፓላዲየሙን የምናወጣበት ውድ ቅመም፣ ለሁለት ሙከራ ብቻ ይበቃ ነበር፤ አለቆቻችንም በዚህ ሥራ ላይ ሌላ እንደማይገዙ ቁርጡን ነግረውናል። የመጀመሪያውን ስንሠራ ምድጃውን በገዛ እጃችን አጠፋነው። አብዱልመናን "ሰው መብራት እንዳይሄድበት ይሳላል፣ እኛ እናጠፋለን" እያለ ይስቃል። ጠዋት ስንደርስ ጋዙ በሌሊት አልቆ አየር ገብቶ ዱቄቱ ተበላሽቷል። ያን ቀን ለማንም ሳልናገር ከባቡር ወርጄ ቀጥታ ልደታ ማርያም ገባሁና ግድግዳዋን ተደግፌ አለቀስኩ። ለዱቄቱ አይምሰልዎት። ጋሽ ተክለብርሃን በየቀኑ በእትዬ ወለተሰንበት ስልክ "እ?" እያሉ ይጠይቁኛል፤ "ጠፋ" ብዬ እንዴት እመልስላቸዋለሁ ብዬ ነው። መመለሱ ግን አልቀረም፤ ነገርኳቸው። "ድገሚ" አሉ። ጥርት ያለች ቃል ነበረች።

ለሁለተኛው አዲስ ሲሊንደር አስመጣን። እኔና አብዱልመናን ከምድጃው አጠገብ ሳንነቃነቅ በየተራ ጠበቅነው። ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁም በደቃቅ ተራ ጨው ቀበርናቸው፤ ሲቀዘቅዝ ጨውን በውሃ አጥበን አወጣነው። አባባ፣ መስመሩ ወጣ! ከፊተኛውም ከፍ ብሎ ወጣ። የኤክስሬዩ ተራ እስኪደርሰን የጠበቅነው ጊዜ ረዘመብኝ፤ በመጨረሻ ግን ሰልፉ ቁልጭ ብሎ ታየ። እኔ ያየሁት ብቻ በቂ አይደለምና ለኮሪያዎቹ ጻፍኩላቸው፤ "ሌላውን ሁሉ እንደ ድሮው አድርጉ፤ ምድጃውን ግን ዘግታችሁ ሂዱና ተኙ" አልኳቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሳቸው መጣ፤ ሆኖላቸዋል። የጋሽ ተክለብርሃንን ስም ጠቅሰው ይቅርታ ጠየቁ፤ ይቅርታ የሚያስጠይቃቸው ነገር ሳይኖር። መቀጠያ የሚሆነንን ፓላዲየምም ከእነሱ ጋር ተካፍለን እንድንሠራ ጋበዙን፤ አለቆቻችንም ፈቀዱ።

በጥቅምት ወር ክፍላችን ውጤቱን ለመስማት ተሰበሰበ። ጋሽ ተክለብርሃን እንዲገኙ ለመንኳቸው፤ እትዬ ወለተሰንበት "እዚያ ደጅ ዳግመኛ አይረግጥም" ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን ኮታቸውን በግራ እጃቸው ጠቆሙ። አሳንሰሩ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። በወንበር ተሸክመን እናውጣቸው ብለን ዓባይነህና አብዱልመናን ከፊት ሲይዙ፣ ከኋላ ሰው ጎደለ። በሱፍቃድ ከደረጃው አናት ቆሞ ያየን ነበር። ወረደ፣ ጃኬቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና የወንበሩን እግር ያዘ። ላይ ሲደርሱ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ጎንበስ ብሎ የጋሽ ተክለብርሃንን ጉልበት ሳመ። እሳቸውም በደህናው እጃቸው ማጅራቱን ቸብ ቸብ አደረጉት።

ንግግሬን ስጨርስ ትንሿን መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አልኮል ጨመርኩባት። ከእሷ ጋር የተያያዘችው ጣት የምታህል ማራገቢያ መጀመሪያ አመነታች፣ ከዚያ ዞረች። ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ። ማራገቢያዋን ወደ ጋሽ ተክለብርሃን አስጠጋሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነፋሷን በፊታቸው ተቀበሏት። አዳራሹ ሁሉ ቆመ። እኔ የቆሙትን ሰዎች ስመለከት እርስዎን ፈለግኩ አባባ፤ እንደሌሉ እያወቅሁ።

ለኅትመት የሚሄደውን ጽሑፍ ደግሞ ቤታቸው ወስጄ አነበብኩላቸው። "ናሙናው ቁጥጥር በተደረገበት ዝግተኛ ቅዝቃዜ" ብዬ የጻፍኩበት ጋ ስደርስ ጣታቸውን አነሱ። ደግሜ አነበብኩት፤ ደግመው አነሱ። ተጨነቅሁ። በመጨረሻ "መብራት... ሄደ... በዪ" አሉኝ። የፊተኛው የእኛ ብልሃት አልነበረም፤ ሆነልን እንጂ አላደረግነውም ማለታቸው ነው። እንዳሉት ጻፍኩት፤ የመጀመሪያው ናሙና የተገኘው ኤሌክትሪክ በመቋረጡ መሆኑ በግልጽ ተቀምጧል። አንብበው የሳቁብን እንዳሉ ሰምቻለሁ። ይሳቁ፤ እውነት ነው።

አሁን ከነገሩ ሁሉ የሚያሳስበኝ ዕድሜ ነው። ሐኪማቸው "ደህና እየሆኑ ነው" ይላል፣ ይራመዳሉም፤ ግን ሳያቸው ቀጥነዋል። እርስዎም ከነጉልበትዎ ሕመም ብዙ መንገድ እንደሚከብድዎት አውቃለሁ። ብቻ አጎቴ ፈቃዱን ሰጥቶ፣ ጤናዎም ችሎ፣ ለጥምቀት ቢመጡልን አድያም አብራዎት ትመጣለች፤ ዓባይነህም ከአውሮፕላን ማረፊያ ይቀበልዎታል። እኔ ግን አልጫንዎትም።

ለአጎቴ ለአምሃ እጅ ነስቼ ሰላም ብያለሁ፤ የዓይኑ ሕክምና ቀንቶት እንደሆነ ይጻፉልኝ። ለባለቤቱ ለለተሥላሴ፣ የላከችው ማር ደርሶን ሶሲ በጣቷ እየቀመሰች ልትጨርሰው ነው፤ እግዜር ይስጥልን ይበሉልኝ። ለጎረቤትዎ ለህሩይ፣ ሱቁን ዳግመኛ በመክፈቱ ደስታችን ወሰን የለውም፤ ወድቆ ብድግ የሚል ወንድ ልጅ ማለት እንዲህ ነው ይበሉት። ደጃችሁ ላሉት ለቄሱም ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ዓባይነህ ጤናዎን አብዝቶ ይመኛል። ሶሲ "አያቴ ሲመጡ ጢማቸውን ማየት እፈልጋለሁ" ብላለች። እትዬ ወለተሰንበት ደግሞ በርበሬ ቋጥራልዎታለች፤ ከአድያም ይቀበሉ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ከመታሸጉ በፊት ለጋሽ ተክለብርሃን ወስጄ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። በግራ እጃቸው መጻፍ መለማመድ ከጀመሩ ገና ወራቸው ነው፤ ወረቀቱን እትዬ ወለተሰንበት ያዘችላቸው። ፊደሉ ቢጣመምም ያነቡታል ብዬ እኔ አልነካሁትም። ከፊርማዬ በታች ያለው የእሳቸው ነው።

ልጅዎ ማዕዛ ሃረጎት
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ሃረጎት። አልሞትኩም። ና።